ዳኛው በጥፋተኝነት ድርድር ውስጥ ሲገባ፦ «በፈቃዴ ነው ያመንኩት» የሚለው ቃል ምን ያህል ይታመናል?

ጸሐፊ፦ የወንጀል ችሎት

ለአሥራ ሦስት ዓመታት በወንጀል ችሎት ዳኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራውን ከተውኩ በኋላም ያልለቀቀኝ አንድ ጥያቄ ስላለ እዚህ አነሣዋለሁ። ተከሳሽ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተደራድሮ ክሱን አምኖ ሊቀበል ችሎት ፊት ሲቆም፣ ቃሉን በፈቃዱ የሰጠ መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት የዳኛው ነው። «ያስፈራራህ ሰው አለ?» ይባላል፤ «የለም» ይላል። «ከስምምነቱ ውጭ ቃል የተገባልህ ነገር አለ?» «የለም»። «ተከራክረህ ምስክሮችን የመጠየቅ መብትህን እየተውክ መሆኑን ታውቃለህ?» «አዎ»። እነዚህን ጥያቄዎች ስጠይቅ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፦ ተከሳሹ ከመመለሱ በፊት ዐይኑን ወደ ጠበቃው ይጥላል፣ ጠበቃው አንገቱን በትንሹ ይነቀንቃል፣ መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን «የለም፣ የለም፣ አዎ» የሚለው ብቻ ነው።

የአሜሪካ የፌዴራል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 11 ፍርድ ቤቱ በድርድር ውይይቱ እንዳይሳተፍ በግልጽ ይከለክላል። ምክንያቶቹ የሚታወቁ ናቸው። ቅጣቱን የሚወስነው ሰው የሚናገረው ቃል በተከሳሹ ጆሮ ምክር ሆኖ አይሰማም፤ ያቀረበውን ሐሳብ ተከሳሹ ሲገፋበት ዳኛው በኋላ በሚመራው ክርክር ገለልተኛ ሆኖ ለመቀጠል ይቸግረዋል፤ በራሱ እጅ የተሠራውን ስምምነትም «በፈቃድ የተደረገ ነው ወይ?» ብሎ በንጹሕ ዐይን ሊመረምረው አይችልም።

ይሁን እንጂ ክልከላው ሲጣስ ምን ይከተላል? እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ዳቪላ የተባለ ተከሳሽ ጠበቃው ጥፋተኛ ነኝ ከማለት በቀር ሌላ ምክር አልሰጠኝም ብሎ አቤት አለ። ረዳት ዳኛው ዐቃቤ ሕግ በሌለበት ዝግ ችሎት አነጋገሩት፤ ከማመን የተሻለ መንገድ ላይኖረው እንደሚችል ነገሩት፤ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ አምኖ እንዲቀበልም አጥብቀው መከሩት። ከሦስት ወር በኋላ ዳቪላ በሌላ ዳኛ ፊት ቀርቦ ክሱን አመነ፤ ያ ዳኛም የተለመዱትን ጥያቄዎች ሁሉ በአግባቡ ጠየቀ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ2013 የተሰጠው ውሳኔ፣ ጥሰቱ መፈጸሙ ብቻ የእምነት ቃሉን እንደማያፈርሰው፣ መታየት ያለበትም የረዳት ዳኛው ግፊት ባይኖር ኖሮ ተከሳሹ ለክርክር ይቆም ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። መመዘኛው ምክንያታዊ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን አንድ ዳኛ «እመን» ብሎት የወጣ ሰው ሌላ ዳኛ «በፈቃድህ ነው?» ሲለው «አዎ» ማለቱ ምን ያረጋግጣል? በሁለቱም በኩል የቆማችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ጸሐፊ፦ ተከላካይ

እኔ ክልከላው ሊላላ አይገባም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም።

በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ነው። አንድ ዳኛ እኔንና ዐቃቤ ሕጉን ወደ ቢሮው አስጠርቶ፣ መዝገቡን ገልጦ ጥቂት ካነበበ በኋላ፣ «ዛሬ ካመነ ሁለት ዓመት ይበቃዋል፤ ምስክር ሰምቼ ጥፋተኛ ካልኩት ግን በሁለት ዓመት የሚያልፍ አይመስለኝም» አለን። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ምናልባትም የሚያግዘኝ መስሎት ይሆናል። ከዚያ ደንበኛዬ ተራውን ወደሚጠብቅበት ክፍል ወረድኩ። ይህን ቃል ምን ብዬ ላድርስለት? ብነግረው አስፈራሪው እኔ እሆናለሁ። ብደብቀው ደግሞ ማወቅ የሚገባውን ነገር ነፍጌዋለሁ ማለት ነው። ነገርኩት። ደንበኛዬ ስለ ማስረጃው አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ «ዳኛው እንደዚያ ካሉማ አለቀ» ብቻ አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያው ዳኛ «ያስፈራራህ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1970 በተርነር ጉዳይ ያየው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነበር። ጠበቃው ለደንበኛው፣ ካመነ ከእስራት ሊያመልጥ እንደሚችል፣ ተከራክሮ ከተፈረደበት ግን እስራት በእርግጥ ሊገጥመው እንደሚችል ነገረው፤ ተከሳሹም ይህ የዳኛው የራሱ አስተያየት እንደሆነ አድርጎ ተረዳው። ፍርድ ቤቱ የእምነት ቃሉን ዋጋ አሳጣው። ልብ በሉ፤ ዳኛው በርግጥ እንዲህ ብሏል ወይስ አላለም የሚለው ወሳኝ አልነበረም። ተከሳሹ ቃሉ ከዳኛው እንደመጣ ማመኑ ብቻ ምርጫውን ነጻ እንዳይሆን አድርጎታል። አራት ዓመት ቀደም ብሎም፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ በኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛው ራሱ የቅጣቱን ጣሪያ ቃል የገባለትንና ከዚያ በላይ የተፈረደበትን ሰው ጉዳይ ሲያይ፣ እስር ቤት መላክ የሚችል ሰውና ከእስር ለማምለጥ የሚጨነቅ ሰው በእኩልነት ሊደራደሩ እንደማይችሉ ገልጿል። ከዚህ የሚበልጥ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጸሐፊ፦ ሥነ ሥርዓት

የወንጀል ሥነ ሥርዓት አስተምራለሁ። «የዳኛ ተሳትፎ» የሚለው አንድ ስም በጣም የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን ክርክሩ እንዳይምታታ ልለያያቸው እወዳለሁ።

ተከላካይ የጠቀሱት ዳኛ ሁለት ቅጣቶችን ጎን ለጎን አስቀምጧል፦ ካመንክ ይህን ያህል፣ ካላመንክ ያን ያህል። የጀርመን የሕግ ሰዎች «የቅጣት መቀስ» የሚሉት ይህን ነው፤ በሁለቱ ስለቶች መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር የተከሳሹ ፈቃድ ይቆረጣል። ከዚህ የሚለየው ደግሞ ዳኛው ተጠይቆ፣ በግልጽ ችሎት፣ ተከሳሹ በዚህ ደረጃ ቢያምን ቅጣቱ ከምን እንደማይበልጥ ብቻ መናገሩ ነው። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞችን አስቀምጦ እ.ኤ.አ. በ2005 በጉድይር ጉዳይ የፈቀደው ይህን ሁለተኛውን ነው። ጥያቄው ከተከሳሹ መምጣት አለበት፤ ዳኛው ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ተጠይቆም እምቢ ሊል ይችላል፤ ክርክር ተደርጎ ጥፋተኛ ቢባል ቅጣቱ ስንት ይሆን እንደነበር ፈጽሞ አይገልጽም፤ ከተናገረ ደግሞ በቃሉ ይታሰራል። በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛትም ከእ.ኤ.አ. 1993 ወዲህ ተቀራራቢ አሠራር አለ፤ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሲጠይቅ ዳኛው ተገቢ መስሎ የሚታየውን ቅጣት በመዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ በኋላ ከዚያ አሳልፎ ሊቀጣው ካሰበ ግን ተከሳሹ የእምነት ቃሉን መልሶ መውሰድ ይችላል።

ጀርመን ከዚህም ርቃ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2009 በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጓ አንቀጽ 257ሐ ውስጥ ባስገባችው ድንጋጌ መሠረት የስምምነቱን ሐሳብ የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነው፤ የቅጣቱን የላይኛና የታችኛ ወሰንም እሱ ይገልጻል። አጥሮቹ ግን ጠንካሮች ናቸው። ጥፋተኛነቱ ራሱ የስምምነት ጉዳይ ሊሆን አይችልም፤ ፍርድ ቤቱ እውነቱን የማጣራት ግዴታው አይነሣለትም፤ ከስምምነቱ ከወጣ የተሰጠውን የእምነት ቃል ሊጠቀምበት አይችልም፤ ከስምምነት በኋላ ይግባኝን መተውም ዋጋ የለውም። የጀርመን የፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ሕጉን አጽንቶታል፤ ነገር ግን ለዚሁ ጉዳይ ያስጠናው ጥናት ብዙ ዳኞች ሕጉን ትተው በጓዳ እንደሚስማሙ ስላሳየው፣ ከሕጉ ውጭ የሚደረግ ማንኛውም ስምምነት የተከለከለ መሆኑን አስረግጦ ተናግሯል። ሕጉ ያልከሸፈው ግማሹ ብቻ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የደቡብ አፍሪካ መንገድ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ እኔ በግሌ የምወደውም እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጓ ላይ በተጨመረው አንቀጽ 105ሀ ፍርድ ቤቱ በድርድሩ አይሳተፍም። የቀረበለት የቅጣት ስምምነት ፍትሐዊ ካልመሰለው ግን ተገቢ የሚለውን ቅጣት ለሁለቱም ወገን ያሳውቃል፤ ከሁለት አንዳቸው ከስምምነቱ ከወጡ ጉዳዩ እንደ አዲስ በሌላ ዳኛ ፊት ይጀመራል። ዳኛው የልቡን ተናግሯል፤ ስለተናገረም ይህን ሰው ሊዳኝ አይችልም።

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በጆርጂያ ሪፐብሊክ ላይ በቀረበ አቤቱታ ያስቀመጣቸው ሁለት መመዘኛዎች እዚህ ላይ ይረዱናል፦ ተከሳሹ ስምምነቱን የፍሬ ነገሩንና የሕግ ውጤቱን በሚገባ ዐውቆ በእውነተኛ ፈቃዱ መቀበሉ፣ እንዲሁም የስምምነቱ ይዘትና የተደረሰበት መንገድ በቂ በሆነ የፍርድ ቤት ምርመራ ማለፉ። ሁለተኛው መመዘኛ ዝምተኛ ዳኛን አይፈልግም።

ጸሐፊ፦ የክስ ጠረጴዛ

ዐቃቤ ሕግ ነኝ፤ ምናልባት ከእኔ የማይጠበቅ ነገር ልናገር ነው። ዳኛው ከድርድሩ ሲወጣ ክፍተቱ ባዶ ሆኖ አይቀርም። የሚሞላው ዐቃቤ ሕግ ነው።

ጠበቆች ስለ ሄይስ ጉዳይ ያውቃሉ። በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት 88 ዶላር ከ30 ሳንቲም የሚያወጣ ሐሰተኛ ቼክ በማስተላለፍ የተከሰሰ ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጉ፣ ካመንክ አምስት ዓመት እጠይቃለሁ፣ ካላመንክ ግን በልማደኛ ወንጀለኛነት ክሱን አከብደዋለሁ አለው፤ ያ ክስ የሚያስከትለው ቅጣት ደግሞ ዕድሜ ልክ ነበር። ሄይስ አላምንም አለ፣ ተፈረደበት፣ ዕድሜ ልክም ተቀጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በአምስት ለአራት ድምፅ ይህን የተፈቀደ ድርድር ነው ብሎ አለፈው። እንግዲህ ይህን ቃል የተናገረው ዳኛ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ማስፈራራት ነው እንል ነበር። ከእኔ አፍ ሲወጣ ስሙ የሚለወጠው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2012 ያው ፍርድ ቤት በአገሪቱ ከሚሰጡ የጥፋተኝነት ውሳኔዎች በፌዴራል 97 ከመቶው፣ በግዛቶች 94 ከመቶው ከእምነት ቃል የሚመጡ መሆናቸውን ጠቅሷል። ከመቶ ዘጠና አምስቱ ጉዳይ በእኔ ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ፈራጁ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። እኔ ማስረጃዬ ሲሳሳብኝ ቅናሹን ከፍ አደርጋለሁ፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። ይህ ማለት ደግሞ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ የሰፋው ሰው ትልቁ ፈተና ይቀርብለታል ማለት ነው። ይህን ሊያይ የሚችል ሌላ ሰው በክፍሉ ውስጥ ቢኖር እመርጣለሁ።

ጸሐፊ፦ ተከላካይ

የክስ ጠረጴዛ፣ ስለ ግልጽነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የጠቀሱት ችግር እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ላይ ግን አንስማማም። ዐቃቤ ሕግ ሲያስፈራራ ደንበኛዬ ሊጠጋው የሚችል አንድ ሰው አለ፣ እሱም ዳኛው ነው። ዳኛውም በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጠ ወዴት እንጠጋለን? ዳኛው ስምምነቱ ሲቀርብለት ክሱንና ማስረጃውን ከሥር ይመርምር፣ ቅናሹ ለምን ይህን ያህል ሰፋ ብሎ እርስዎን ይጠይቅዎት፣ ካላመነበት አልቀበልም ይበል። ይህ ሁሉ ከስምምነቱ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ጸሐፊ፦ አዲስ ተመራቂ

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ተከሳሹ «አልሠራሁትም፣ ነገር ግን ማመን እፈልጋለሁ» ቢል ያ በፈቃድ የተሰጠ ቃል ይባላል ወይ?

ጸሐፊ፦ ሥነ ሥርዓት

እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአልፎርድ ጉዳይ «ይባላል» ብሏል፤ በተከሳሹ ላይ ጠንካራ ማስረጃ በመዝገቡ ላይ እስካለና ተከሳሹ አመዛዝኖ ከመረጠ ድረስ። በዚያው ዓመት በብሬዲ ጉዳይም የሞት ቅጣትን ፈርቶ ማመን ብቻውን ፈቃድን እንደማያጠፋ ወስኗል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ውሳኔዎች «ፈቃድ» የሚለውን ቃል «አመዛዝኖ መምረጥ» ወደሚል አጥብበውታል። የሚመዘኑት ነገሮች ራሳቸው በፍትሕ ተቀምጠዋል ወይ የሚለውን ጥያቄ ትተውታል። ብዙ አገሮች ንጹሕ ነኝ እያለ የሚያምንን ተከሳሽ ቃል እንደ ክህደት ቆጥረው ክርክሩ እንዲቀጥል ያደርጋሉ።

ጸሐፊ፦ ተርጓሚዋ

በችሎት አስተርጓሚነት እሠራለሁ። ስለ ሕጉ ከእናንተ እማራለሁ እንጂ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ቃሉ ግን ልናገር።

በአማርኛችን «ፈቃድ» ሁለት ነገር ይሸከማል። አንዱ የገዛ ራስ መሻት ነው፤ ሌላው ከበላይ የሚሰጥ ይሁንታ ነው። ዳኛው «በፈቃድህ ነው ያመንከው?» ሲል የመጀመሪያውን ማለቱ ነው። ተከሳሹ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው። አንድ ጊዜ ይህን ጥያቄ ወደ አማርኛ መልሼ ስናገር ተከሳሹ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «አዎ፣ ጠበቃዬ ፈቅዶልኛል» አለኝ። መተርጎም ያለብኝ ያለውን ስለሆነ እንዳለው ተረጎምኩት። ችሎቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ዳኛዋ ጥያቄውን ለወጡት፦ «ይህን የምታደርገው አንተ ራስህ ስለፈለግህ ነው ወይስ ሌላ ሰው ይሻልሃል ስላለህ?» ሰውየው ረጅም ጊዜ አሰበ። በዚያ ቀን እንዳሰበ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«መብቴን እተዋለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ የሚተዉት ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «እተዋለሁ» ይላሉ፤ «ምስክሮቹ እዚህ መጥተው፣ አንተ እያየሃቸው፣ ጠበቃህ ይጠይቃቸው ነበር፤ አሁን ያ ይቀራል» ሲባሉ ግን ፊታቸው ይለወጣል።

ጸሐፊ፦ የወንጀል ችሎት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተርጓሚዋ የጻፉት ከሁሉ በላይ አስደንግጦኛል፤ ለዓመታት የጠየቅሁት ጥያቄ በቃሉ ላይ እንኳ ያልጠራ እንደነበረ ነው የተረዳሁት።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በቦይኪን ጉዳይ፣ ዳኛው አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ የተቀበለውን የእምነት ቃል ሽሮ፣ ፈቃድ ከዝምተኛ መዝገብ ሊገመት እንደማይችል ወሰነ። ጥያቄዎቹ የተስፋፉት ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት ዓመት ሳይቆይ ግን ያው ፍርድ ቤት ሌላ መዝገብ ቀረበለት፦ ዳኛው ከታተመ ቅጽ ላይ እያነበበ ጠይቆ፣ ተከሳሹ «ቃል የተገባልኝ ነገር የለም» ብሎ ፈርሞ፣ በኋላ ግን አሥር ዓመት ቃል ተገብቶልኝ ነበር፣ እንደዚያ እንድመልስም የመከረኝ ጠበቃዬ ነው ያለበት ጉዳይ። ፍርድ ቤቱ በችሎት የተሰጡ መልሶች ከባድ ግንብ ቢሆኑም የማይታለፍ ግንብ እንዳልሆኑ ተናገረ። ዝምታውን ለመሙላት የመጣው ቅጽ በስምንት ዓመት ውስጥ ራሱ ሌላ ዝምታ ሆኖ ነበር።

አሁን የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ተከላካይ ስለ ጓዳው ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ዳኛ በቢሮው ስለ ቅጣት አንድም ቃል መናገር የለበትም። የክስ ጠረጴዛ ስላሉት ደግሞ፣ ዳኛው ሊያይ የሚገባው የቅናሹን ስፋት ነው እላለሁ፤ የእንግሊዝ መመሪያ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላመነ ሰው እስከ አንድ ሦስተኛ፣ በክርክሩ ቀን ላመነ እስከ አንድ አሥረኛ ብሎ መወሰኑ መቀሱ ከልክ በላይ እንዳይከፈት ያደርጋል። ተጠይቆ ጣሪያውን የተናገረ ዳኛ ደግሞ ተከሳሹ ባያምን ያን ክርክር ሊመራ አይገባም። በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት የተለመደውም ድርድሩን አንድ ዳኛ፣ ክርክሩን ሌላ ዳኛ እንዲመራው ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም የሚቀረው ጥያቄው ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት «ያስፈራራህ አለ?» ከማለቴ በፊት ሌላ ነገር መጠየቅ ጀምሬ ነበር፦ «ባታምን ዛሬ ከዚህ ስትወጣ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ይህ በ«አዎ» እና በ«የለም» አይመለስም፣ ጠበቃው በአንገቱ ሊመልስለትም አይችልም። አንድ ወጣት ይህን ስጠይቀው ወዲያው፣ «ወደ እስር ቤት እመለሳለሁ፤ ባምን ግን ዛሬ ቤቴ እገባለሁ» አለኝ። መዝገቡን ሳይ እውነቱን ነበር። ክርክሩን ሲጠብቅ ሰባት ወር ታስሯል፤ በስምምነቱ ላይ የሰፈረው ቅጣትም ሰባት ወር ነው። ማንም አላስፈራራውም፣ ቃል የተገባለትም ነገር በስምምነቱ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ የታተሙትን ጥያቄዎች ሁሉ በትክክል ይመልሳቸው ነበር።

የእምነት ቃሉን በዚያ ቀን አልተቀበልኩም። በመጀመሪያ የዋስትና ጉዳዩ እንዲታይ አድርጌ፣ ጠበቃውንና ዐቃቤ ሕጉን በግልጽ ችሎት ሰምቼ በዋስ ለቀቅሁት፤ ስምምነቱም እንደጸና መሆኑን ዐቃቤ ሕጉ በመዝገብ ላይ እንዲያረጋግጥለት ጠየቅሁ፤ አረጋገጠለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቤቱ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ክሱን አንብቤ የእምነት ክህደት ቃሉን ስጠይቀው ወደ ጠበቃው አልዞረም፤ «አልፈጸምኩም» አለ። የሰማሁትን ሁሉ ሰምቼ ልፈርድበት ስለማልችል፣ መዝገቡ ወደ ሌላ ችሎት እንዲተላለፍ አዘዝኩ።